እሾህ ነው ያልኩት ዘይት

የግራ እጄ ሌባ ጣት ከመሀል አንጓው ላይ ተቆርጧል። ሰፈር ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እጄን እያየ "ለካ እሾህም እንዲህ ያደርጋል" ይል ነበር። እሾህ እንዲህ አያደርግም። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ በትራክተር ለሚተዳደር ሰው ነው፤ ደግሞም ሐኪም ፊት ተቀምጦ ትንሽ ብዋሽ ምን ይመጣል ብሎ ለሚያስብ ሰው።

ስሜ መስፍን ነው፤ አርባ አራት ዓመቴ ነው። ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር ተወልጄ አሁንም የምኖረው እዚያው ነው። ሐጂ ኢብራሂም የሚባሉ፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ፈላና በር አጠገብ የሚኖሩ ሽማግሌ አንዲት ትንሽ ትራክተር አለቻቸው። ትልልቆቹ ትራክተሮች የማይገቡበት ጠባብ ማሳ ውስጥ እንደ ልቧ ትዞራለች። እኔና ኑረዲን የሚባል የሥራ ባልደረባዬ እየተፈራረቅን እንነዳታለን። ጠዋት ተሳቢ ጎትታ ፍግ ታመላልሳለች፤ ከሰዓት ማረሻ ታስሮላት የማሽላ መሬት ታርሳለች። ስለዚህ የቀኑ ዋና ልፋት ዕቃ መቀያየር ነው፤ ተሳቢውን መፍታት፣ ማረሻውን ማሰር፣ ማታ ደግሞ ማረሻውን ፈትቶ ተሳቢውን መመለስ።

ማረሻው ከትራክተሯ ኋላ በሦስት ክንድ ይያዛል፤ ሁለቱ ከታች፣ አንዱ ከላይ፤ እያንዳንዱ በፒን ይታሰራል። ተሳቢው ደግሞ ጭነቱን የሚገለብጥበት ሃይድሮሊክ አለው። ዘይቱ ከትራክተሯ በጎማ ቱቦ ይሄድለታል። ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ያ ዘይት ቱቦው ውስጥ ያለው በከባድ ግፊት ነው።

ትራክተሯ ስትገዛ ሥልጠና የተላክሁት እኔ ነበርኩ፤ ኑረዲንን ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። "መጀመሪያ የተነሳውን ዕቃ መሬት አስቀምጥ። ሞተር አጥፋ። ማንሻውን ወዲያ ወዲህ እያደረግክ ግፊቱን አርግብ። ከዚያ በኋላ ነው እጅህን የምትሰደው" እለው ነበር። አደጋው ከመድረሱ ከአንድ ሳምንት በፊት ሞተር ሳያጠፋ ፒን ሲነቅል አገኘሁትና በገበሬዎቹ ፊት ጮህኩበት። የሁለት ልጆች አባት ነው። "ለሚስትህ እጅህን በፌስታል ይዤላት ልሂድ?" ነበር ያልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሞተሩን አጠፋ።

ሚያዝያ ነበር። ዝናቡ ዘግይቶ ስለመጣ ገበሬው ሁሉ በአንድ ቀን ነው የፈለገን። ከሐኪም ጋራ ግርጌ ያለ ማሳ ላይ ፍግ አድርሼ፣ ተሳቢውን እዚያው ፈትቼ ማረሻውን ላስር ስል ሦስት ሰዎች ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ሰማዩ እየጠቆረ ነው። የተሳቢው ሳጥን ሙሉ በሙሉ አልወረደም፤ ትንሽ እንደተነሳ ቀርቷል። ቱቦውን ከትራክተሯ ልነቅለው ብታገል እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ቱቦው መሀሉ ላይ ረጥቧል። ሞተሩ እየሠራ ነው። ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ ለማወቅ ጣቴን በቱቦው ላይ አስኬድኩ።

ንብ የነደፈችኝ መሰለኝ። ጣቴን ስቤ አየሁት፤ ሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነጥብ አለች። ደም እንኳ አልወጣም። ያኔ ነው ሞተሩን ያጠፋሁት። ግፊቱን አረገብኩ፤ ቱቦው ሳይታገለኝ ወጣ። ማረሻውን አስሬ ሁለት ሰዓት አረስኩ። ከጠበቁኝ ሰዎች አንዱ "እጅህን ምን ሆንክ?" ቢለኝ "እሾህ ነው" አልኩት። ያኔ እንዲህ ያልኩት አስቤበት አልነበረም። ወሬው ለኑረዲን እንዳይደርስ ብቻ ነበር የፈለግሁት።

ማታ ቤት ስገባ ጣቴ ነጭ ሆኗል፤ ደርቋል፤ ስነካው የሌላ ሰው ጣት ይመስላል። ባለቤቴ ጽጌ በሞቀ ውሃ ነከረችልኝ። ለእሷም እሾህ አልኳት። ሲነጋ ጣቴ አብጦ የእጄ ጀርባ ተወጥሮ ነበር። ሕመሙም ያኔ ጀመረ፤ ከጣቴ ጫፍ ተነስቶ ክርኔ ድረስ የሚመታ።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። አግዳሚው ላይ ልጅ ያቀፉ እናቶች፣ የሚያስሉ ሽማግሌዎች፣ እኔም በመሀላቸው እጄን ከፍ አድርጌ ተቀመጥኩ። ተራዬ ሲደርስ ያየችኝ ሲስተር ሰሚራ የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ጣቴን አገላብጣ አየችው።

"ምን ነካዎት?"

"እሾህ ነው፣ ሲስተር።"

"እሾሁ ወጥቷል? ቀዳዳው በጣም ትንሽ ነው፤ እብጠቱ ደግሞ ትልቅ ነው።"

"ነቅዬዋለሁ።"

ጎንበስ ብላ አሸተተችው። "ዘይት ይሸታል።"

"ሹፌር ነኝ" አልኳት። "ሁልጊዜም ይሸታል።"

እንደገና አየችኝ። "እርግጠኛ ነዎት? ሌላ ነገር የለም?"

"የለም።"

የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ወጋችኝ፣ ቁስል እንዳያመረቅዝ መድኃኒት ጻፈችልኝ፣ "ነገ ካልቀነሰ ተመልሰው ይምጡ" አለችኝ። መዝገቧ ላይ ጎንበስ ብላ ስትጽፍ ቆየች። ሦስት ጊዜ ጠይቃኝ ሦስት ጊዜ ዋሸኋት። ያን ቀን ግን ውሸት አልመሰለኝም። የሚዋጥ መድኃኒት ይዤ ወጣሁ፤ ይበቃኛል አልኩ።

በማግስቱ አልቀነሰም። ወደ እሷ መመለስ ግን አፈርኩ፤ እንደገና እንዳትጠይቀኝ ፈራሁ። ስለዚህ አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። እዚያ ያየኝ ሐኪምም የነገርኩትን ነው የያዘው። የእሾህ ስባሪ ቀርቶ እንደሆነ ብሎ ራጅ አስነሳኝ፤ አልተገኘም። "ሪህ ተደርቦበት ይሆናል" ብሎ መርፌ አዘዘልኝ። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ የሰው ዓይን አግኝቶታል ብላ ጸበል ይዛልን መጣች። ሁሉም ሊረዳኝ ይሮጣል፤ እኔ ብቻ በሽታው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ያህል ከባድ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። በሥልጠናው ቱቦ በእጅ እንዳንነካ ነግረውናል፤ ዘይቱ ቆዳ በስቶ እንደሚገባ ግን ተነግሮን ከሆነም አልሰማሁም።

በአራተኛው ቀን የጣቴ ጫፍ ጠቆረ። ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ያን ቀን መጣች። እናታችን ስትሞት ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጣቴን አይታ ጽጌ ላይ ጮኸች።

"አራት ቀን ሙሉ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ?"

"እኔ ሐኪም ቤት ላኩት እንጂ አላስቀረሁትም" አለች ጽጌ። "ሁለት ቦታ ታይቷል።"

"ታዲያ ምን አሉት?"

"እሾህ ነው አሉ።"

እሾህ ነው ያልኩት እኔ ነበርኩ። በሁለቱ መሀል ተቀምጬ ዝም አልኩ።

በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ኮሪደሩ ላይ ከጠዋት እስከ ስምንት ሰዓት ጠበቅን። አጠገቤ እግሩ የተሰበረ የባቢሌ ኦቾሎኒ ነጋዴ ነበር፤ ከኪሱ ኦቾሎኒ እያወጣ ለሁላችንም ያድላል። እኔ አልበላም ስል እየፈለፈለ በቀኝ እጄ ላይ ያስቀምጥልኝ ነበር። ያን ሰው አልረሳውም። ሌላው ሁሉ ምን እንደሆንኩ ሲጠይቀኝ እሱ አልጠየቀኝም።

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ጣቴን እንዳየ ቤተሰቦቼን ከክፍሉ አስወጣ።

"እሾህ እንዲህ አያደርግም" አለኝ። "ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ትራክተር እነዳለሁ።"

"ሃይድሮሊክ ነክተዋል?"

አለቀስኩ። ለአራት ቀን ያልወጣው ነገር በአንድ ጊዜ ወጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ያልወረደውን ሳጥን፣ ያልጠፋውን ሞተር፣ ኑረዲንን። ሐኪሙ አልተቆጣም። ይህን ያስረዳኝ እሱ ነው፤ ለእናንተም እንዳለ አስተላልፋለሁ። በግፊት የሚወጣ ዘይት ከፀጉር በቀጠነ ቀዳዳ ሲወጣ እንደ መርፌ ቆዳ በስቶ ይገባል። ውጪው የትንኝ ንክሻ ይመስላል፤ መጀመሪያ ላያምም ይችላል፤ ሰውም ይታለላል። ውስጥ ግን ዘይቱ በጅማቱ መንገድ እስከ መዳፍ ይሄዳል፤ ሥጋውን ይመርዛል፣ ደም እንዳይደርሰው ያግዳል። በኪኒን አይድንም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጁ ተከፍቶ መታጠብ አለበት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ባያመውም፣ ባይደማም፣ ያንኑ ሰዓት ሆስፒታል ሄዶ "በግፊት የወጣ ዘይት ወግቶኛል" ይበል። ይህን አንድ ዐረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ጣቴ ይተርፍ ነበር ይሆናል። "ይሆናል" ያለኝ ሐኪሙ ነው፤ ከዚያ በላይ ሊያጽናናኝ አልቻለም።

"ለቤተሰብ አይንገሩብኝ" አልኩት።

"ምስጢርዎ የእርስዎ ነው" አለኝ። "ግን ቤተሰብዎ በር ላይ መጀመሪያ ያከሙዎትን ሰዎች እየረገሙ እንደሆነ እየሰማሁ ነው።"

ሦስት ጊዜ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። በመጀመሪያው እጄ ከጣቴ እስከ መዳፌ ተከፍቶ ታጠበ። በሁለተኛው ጣቴ ከመሀል አንጓው ተቆረጠ። በሦስተኛው ቁስሉ ተዘጋ። ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም፤ ቁስሉ ሲታጠብ አልጋውን በጥርሴ ልነክሰው ደርሼ ነበር፤ ይኸው ነው። ከሕመሙ የከፋብኝ ጥየቃው ነበር።

ሐጂ ኢብራሂም በበትራቸው እየተደገፉ መጡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ራሴን ዳሰሱኝ።

"አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስህ አለች" አሉ። "እኔማ ትራክተሯ ናት የጎዳችህ ብዬ ደንግጬ ነበር። እሾህ ነው ሲሉኝ ትንሽ ቀለለኝ።"

"አዎ፣ ሐጂ" አልኳቸው።

ኑረዲን ከኋላቸው ቆሟል። በእኔ ፈንታ የሁለታችንንም ተራ እየሠራ ነበር። "አንተ ያልከውን አንድም ቀን አልዘለልኩም፤ ሞተር አጠፋለሁ" አለኝ። ሊያስደስተኝ ነው ያለው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ አሞኝ መሰለው።

ከዚያ እትዬ ዘነበች መጣች። ወንበር ሳባ ሳትቀመጥ "ያቺን ነርስ ልክ ልኳን ነገርኳት" አለችኝ።

"የቷን?"

"እሾህ ነው ብላ በኪኒን የሸኘችህን ነዋ። ጤና ጣቢያው ሄጄ በተራ ጠባቂው ሁሉ ፊት ወንድሜን ያጎደልሽው አንቺ ነሽ አልኳት። ከዚያ ለኃላፊው ከሰስኳት።"

ተይ፣ ተሳስተሻል ማለት ነበረብኝ። ያልኩት ግን "ውሃ ስጪኝ" ነው። እሷ ቀጠለች፤ እኔ ውሃዬን ጠጣሁ። ያን ቀን ያለፈኝ አጋጣሚ ዛሬም ደረቴ ላይ አለ። ትራክተሯ ላይ የሠራሁት ስህተት የጥድፊያ ነው፤ ይኼኛው ግን ረጋ ብዬ፣ ውሃ እየጠጣሁ የሠራሁት ነው።

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ። ሸሚዝ የምትቆልፍልኝ ጽጌ ናት። ከእትዬ ዘነበች ጋር ግን አይነጋገሩም፤ አንዷ ስትመጣ አንዷ ጓዳ ትገባለች። እህቴ "አራት ቀን ያስቀመጠችው" ማለቷን አልተወችም። አንድ ጠዋት ጽጌ ለራሷ የደም ግፊት ያንኑ ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ያቺን ልጅ አየኋት" አለችኝ። "ሲስተር ሰሚራን። ከሕክምና ክፍል አውጥተዋታል፤ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ ካርድ ትሰጣለች። ነገሩ እስኪጣራ ነው አሉ።"

"ምን አለችሽ?"

"ካርዴ ላይ ያንተን ስም በተጠሪነት አይታ አወቀችኝ። እኔ ፊቴን አጠቆርኩባት። እሷ ግን ካርዱን እየሰጠችኝ የባለቤትሽ እጅ እንዴት ሆነ አለችኝ። ቁስሉ ዘጋለት ወይ አለችኝ።" ከዚያ ጽጌ "ክፉ ሰው አትመስልም" አለች።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። እዚያው በተቀመጥንበት ነገርኳት። ጽጌ ስትሰማ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ተነስታ ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠች፤ እንደገና አነሳችና አጣጠፈች።

"ለእኔስ?" አለች በመጨረሻ። "ስሰደብ ቁጭ ብለህ ትሰማ ነበር።"

"አዎ።"

"ለእትዬ ንገራት። እኔ አልነግርልህም።"

ከሰዓት እህቴ ቤት ሄድኩ። ጎመን እየከተፈች ነበር፤ ቢላዋውን እንድታስቀምጥ ለመንኳት። ስነግራት ፊቷ እያረጀ ሲሄድ አየሁት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም።

"ልጅ ሆነህ ጥፋት ስትሠራ አስቀድመህ ትነግረኝ ነበር" አለች። ከዚያ ጎመኑን ከፊቷ ገፋች። "የሰደብኳት ሰው ፊት ነው። ነገ ጠዋት እንሄዳለን፤ ሰው ሳይበተን።"

ለሐጂም ለኑረዲንም የነገርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሐጂ ዱዓ አድርገው፣ ወደ ትራክተሯ የመመለሴን ነገር "እጅህ ሲድን ኢንሻአላህ እንነጋገራለን፤ አሁን ግን ቁልፉ ኑረዲን ጋ ይቆይ" አሉኝ። ልክ ናቸው። ኑረዲን ከልቡ ነው የተቆጣው፤ ለአንድ ሳምንት ቤቴ አልመጣም። በሳምንቱ መጣና "አዲስ ቱቦ ገባላት" ብሎኝ ሻይ ሳይጠጣ ሄደ። ያም ለእኔ ብዙ ነው።

ለእህቴ በነገርኳት ማግስት ጠዋት እኔ፣ ጽጌና እትዬ ዘነበች ሦስታችንም ጤና ጣቢያው ሄድን። ከሸዋ በር በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ ጽጌና እህቴ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አልተነጋገሩም፤ ስንወርድ ግን እህቴ የጽጌን ክንድ ያዘች። ተራ ጠባቂው አግዳሚውን ሞልቶታል። ሲስተር ሰሚራ መስኮቱ ላይ ናት። እህቴን ስታይ እጇ ካርዶቹ ላይ ቆመ።

እህቴ መስኮቱ ፊት ቆመች። "ልጄ፣ እኔ ባለፈው እዚህ ቆሜ ሰድቤሻለሁ" አለች፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ። "የሰደብኩሽ በሐሰት ነው። የዋሸው ወንድሜ ነው። በሰው ፊት አዋርጄሻለሁና በሰው ፊት ይቅር በይኝ።"

ተራው የእኔ ነበር። እኔም ተናገርኩ፤ እሾህ እንዳልነበረ፣ ሦስት ጊዜ እንደጠየቀችኝ፣ ዘይቱን አሽትታ እንደነገረችኝ። አንድ ሽማግሌ "አስተግፊሩላህ" አሉ በቀስታ።

ኃላፊው ወጥቶ ወደ ቢሮው አስገባን። መዝገቡን አስመጣ። ሲስተር ሰሚራ ያን ቀን የጻፈችው እዚያው አለ፦ በእሾህ ተወጋሁ ይላል፤ እጁ ዘይት ይሸታል። ይህ ጽሑፍ ያዳናት መስሎኝ ነበር። የተከሰሰችው ግን በዚሁ ጽሑፍ ነው፤ ዘይት ከሸተተሽ ለምን ወደ ሆስፒታል አልላክሽውም ተብላ። ያልኩትን ሁሉ በጽሑፍ አስፍሬ በቀኝ እጄ ፈረምኩ። ኃላፊው ወደ ሕክምና ክፍሏ እንደምትመለስ ነገረን።

ይቅርታ ጠየቅኋት። "ሰምቻለሁ" አለች። "ይቅር ብያለሁ ማለት እፈልጋለሁ፤ ግን ገና ከልቤ አልመጣም። አንድ ወር ሙሉ ሰው አጉድያለሁ ብዬ ሳስብ ነው የከረምኩት። ለምን አራተኛ ጊዜ አልጠየቅኩትም እያልኩ።"

ልወጣ ስነሳ "ይቀመጡ፣ እጅዎን ልየው" አለችኝ። ፋሻውን ፈታች። የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሌሎቹን ጣቶቼን አንድ በአንድ ልታጥፋቸው ሞከረች፤ አልታጠፍ አሉ።

"የእጅ እንቅስቃሴ ታዝዞልዎታል?"

"ታዝዟል።"

"በየቀኑ ይሠራሉ?"

አዎ የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

"አልሠራም" አልኳት። "አራት ቀን ሆነኝ። ስለሚያመኝ ተውኩት።"

ቀና ብላ አየችኝ። ወንበሯን ወደ እኔ ሳበችና መዳፌን በሁለት እጇ ያዘች።

"እንግዲያው አሁን እንጀምር" አለች። "ሲያምዎት ይንገሩኝ።"

አመመኝ። ነገርኳት።